ትንኝ የለም ያልኩት እኔ ነኝ

ለከተማችን ጤና ጥበቃ ቢሮ
ለትንኝ ወለድ በሽታዎች ስጋት ግምገማ ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በሥርዎ ያሉት ባልደረቦችም ሁሉ ትኩሳት በማያውቀው ሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል የቀረበ እንዳይመስልዎ፤ በዚህ ክረምት የጤናን ነገር በቀላሉ የሚመኝ ሰው አይደለሁም። የእኔን ከጠየቁ ቁርጭምጭሚቴን ከማከኬ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ከገበያው በላይ ባለው ዳገታማ መንገድ፣ ከመኖሪያ ቤቴ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሙሽራ ልብስ እሰፋለሁ። የሰፈሩ ሰው «ሜትር» ብሎ ይጠራኛል። ሜትሩ ከአንገቴ ስለማይወርድ ይመስለኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «የለም፣ ወሬህን ለክቶ የሚቆርጥልህ ሰው ስለጠፋ ነው» ትላለች። በዚህ ደብዳቤ ርዝመት ማን ትክክል እንደሆነ እርስዎ ይፈርዳሉ።

የምጽፍልዎ ልከስዎ አይደለም። ልክሰስ ብነሣ እንኳ የመጀመሪያው ምስክር እኔ፣ አብሮ የሚከሰሰውም እኔ ስለምሆን ዳኛው የት እንደሚያስቀምጠኝ ይቸግረዋል። ስለዚህ በትሕትና፣ በተራ ቁጥር፣ ምስጋናና ቅሬታዬን አንድ ላይ ሸምኜ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቢሮዎ ስላደረገልኝ ታላቅ ክብር አመሰግናለሁ። በበጋው ማብቂያ፣ ቦዩ ሁሉ ደርቆ በተሰነጠቀበትና በከተማው ውስጥ አንድ ኩሬ ፈልጎ ማግኘት በማይቻልበት ወቅት፣ የቢሮዎን ሰደርያ የለበሱ አንዲት ወጣትና አንድ ወጣት የትንኝን ስጋት ሊገመግሙ ወደ ሱቄ መጡ። ስለ ጊዜ አመራረጣቸው ምንም አልልም፤ ትንኝ በሌለበት ወቅት ትንኝን መገምገም ሥራውን ያቀለዋል፣ ሠራተኛም አይነከስም።

ሱቄ በዚያ ሰዓት ሙሉ ነበር። የጎረቤቴ የሬዲዮ ጠጋኙ ልጅ ለሠርጓ የምሰፋላትን ቬሎ ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች። የወደፊት አማቷ ከእህታቸው ጋር ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ልብሱንም፣ ሱቁንም፣ ልጅ የሚወስዱበትን ሰፈርም ከላይ እስከ ታች ይመረምራሉ። አባትየው ሬዲዮ ጠጋኝ ጥግ ላይ ሆኖ አንዱን እግሩን በሌላው ጫማው ጫፍ ያካል። እኔ በአፌ ስፒል ነክሼ ከቀሚሱ ጠርዝ ሥር ተንበርክኬያለሁ።

ወጣቷ በጣም በጨዋ ደንብ «በዚህ አካባቢ ትንኝ ያስቸግራችኋል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰው በገበያተኛው ፊት፣ ያውም በሙሽራ አማት ፊት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚመልሰው ልቡ አይደለም። ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «እዚህ? ቢምቢ? እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ዝንብ እንኳ አንኳኩታ ነው የምትገባው!» አልኳት። ሙሽሪት ሳቀች፣ አማትየውም ፈገግ አሉ። ሬዲዮ ጠጋኙ እግሩን ማከኩን ተወና «እውነቱን ነው» ብሎ አጸናልኝ። «ጣሪያውንስ ማየት እንችላለን?» ብትለኝ «ጣሪያው ላይ ከሰማይ በቀር ምን አለና?» ብዬ መለስኳት። እርግጥ ጣሪያው ላይ አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት፣ የአማቴ፣ የውሃ በርሜሎች ነበሩ። ነገር ግን ጣሪያው የአማቴ ግዛት ነው፤ እኔ ራሴ ያለ ፈቃድ የማልረግጠውን ድንበር ለመንግሥት ሠራተኛ ልከፍት አልደፈርኩም።

ባልደረቦችዎ አመስግነውኝ ወጡ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን በር ያንኳኳሉ ብዬ በመስኮት ተመለከትኩ፤ ቁልቁለቱን ወርደው ሄዱ። የመላው መንገዳችን ሕዝብ ስጋት በእኔ ምላስ ተገምግሞ ማለቁን ያወቅኩት በኋላ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታምኜ አላውቅም። ባለቤቴ ዳቦ ግዛ ብላ ስትልከኝ እንኳ ደረሰኝ ትጠይቀኛለች።

ሁለተኛ፤ ስለ ካርታው። ዝናቡ ሊጥል ሲል ቢሮዎ በየአደባባዩ የለጠፈው ባለ ቀለም ካርታ እጅግ የሚያምር ነበር። ከገበያው በታች፣ በፍሳሽ ቦዩ ዳር ያሉት ሰፈሮች ቀይ ተቀብተዋል። መካከለኞቹ ቢጫ ናቸው። የእኛ መንገድ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ «ዝቅተኛ ስጋት» ተብሎ ተጽፎበታል። ደስታዬን ልደብቅዎ አልችልም፤ አንዱን ቅጂ ለምኜ ወስጄ፣ የመስታወት ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ፣ ሙሽሮች ልብስ ከሚለኩበት ትልቁ መስታወት ጎን ሰቀልኩት። ከቀዩ ሰፈር የሚመጡ ደንበኞቼን ሳይጠይቁኝ እየመከርኩ «አጎበር አላችሁ? ውሃ እንዳታቆሩ!» እላቸው ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው። እኔ ሰው ስመክር በመስኮቴ የደረደርኳቸው አበቦች፣ ከየማሰሯቸው ሥር ባለው ሰሐን ውሃ አቁረው፣ የእኔን ምክር በጽሞና ያዳምጡ ነበር።

ስለ በርሜሎቹም ፍትሕ ይደረግ። አማቴ ውሃ የሚያጠራቅሙት ወደው አይደለም፤ በእኛ መንገድ የቧንቧ ውሃ እንደ ዘመድ ነው፣ የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ይህ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእነርሱ የምጽፈው ደብዳቤ ከዚህም ይረዝማል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጭስ መኪናው። ክረምቱ ሲገባ መኪናው አመሻሽ ላይ እያጓራ ቀዩን ሰፈር በነጭ ጭስ አጠነ፤ ከአረንጓዴው መስመር ሲደርስ እንደ ሠለጠነ ፈረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተመለሰ። ለካርታው ያለው ታማኝነት ልብ ይነካል። እኔም በበኩሌ ከዝግጅት አልቦዘንኩም። ከሥራ የተረፈኝን የሙሽራ ዓይነ ርግብ መረብ ጨርቅ ገጣጥሜ፣ ጠርዙን በዳንቴል ከፍፌ፣ ለአልጋችን አጎበር ሰፋሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ተጋብተናል እኮ፣ ረሳኸው?» ብላኝ ነበር። ያም ሆኖ ማታ ማታ እንደ ንጉሥ በመጋረጃ ተከልዬ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ወርጄ እግሬን ከስፌት መኪናው ሥር ዘርግቼ ስሠራ እውላለሁ። መንገዳችን የገባውን በሽታ ቫይረስ የምትሸከመው ትንኝ ግን ሥራዋ በቀን፣ ምርጫዋም ቁርጭምጭሚት፣ የምትፈለፈልበትም ንጹሕ ውሃ መሆኑን ኋላ ነው የተማርኩት። እርስዎ የቆሸሸ ቦይ ዳር ፈለጓት፣ እኔ አልጋዬ ላይ ጠበቅኳት፤ እሷ ደግሞ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ምሳዋን ትበላ ነበር። በዕውቀት ረገድ እኔና ቢሮዎ የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ያረጋገጥኩት እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ጠጋኙ ብቅ ብሎ «ሜትር፣ ይኸ በቀን በቀን የሚቦጫጭቀን ምንድነው ግን?» አለኝ። እኔ ከመቀመጫዬም አልተነሣሁም። በእጄ መርፌ ይዤ ስለነበር በአገጬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አሳየሁት። «አረንጓዴ ነን እኮ» አልኩት። ካርታውን ትንሽ አየው። «እንግዲያው ቁንጫ ነዋ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አራተኛ፤ ይህን ቁጥር ለመጻፍ ደጋግሜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጀመሪያ የታመሙት አማቴ ናቸው። ከጣሪያ ወርደው ምንም ሳይናገሩ ሲተኙ ያኮረፉኝ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ያኮርፉኛል። ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ። «ዓይኔን ከኋላው የሚገፋው ነገር አለ፣ አጥንቴን ሰው እየሰበረው ነው» አሉኝ። እኔ፣ ከስፒልና ከክር በቀር መሣሪያ ይዤ የማላውቀው ሰው፣ ከመሳቢያዬ አስፕሪን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ደጋግሜም ሰጠኋቸው። ድዳቸው መድማት ሲጀምር ባለቤቴ መድኃኒቱንም እኔንም ገፍታ እናቷን ተሸክማ ወጣች ማለት ይቀላል።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም «ደንጌ ትኩሳት ይመስላል፣ የምትኖሩት የት ነው?» ስትል፣ ክቡር ሆይ፣ አሁን ሳስበው ፊቴ የሚቃጠልበትን ነገር አደረግኩ። ስልኬን አውጥቼ የካርታውን ፎቶ አሳየኋት። «አይሆንም ዶክተር፣ እኛ ዝቅተኛ ስጋት ነን» አልኳት። ስልኩን ትታ እኔን አየችኝ። «ይህንን ለቢምቢዎቹ ያንብቡላቸው። ለመሆኑ ምን መድኃኒት ሰጥታችኋቸዋል?» አለች። ስነግራት ድምጿ ተለወጠ። አስፕሪን ለዚህ በሽታ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነና ደሙን ይበልጥ እንደሚያፈስሰው ነገረችን። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ያናገረችኝ «ዞር በል» እና «ውሃ አምጣ» በሚሉ ቃላት ብቻ ነው።

አማቴ ተኝተው ሳለ ሬዲዮ ጠጋኙን በተሽከርካሪ ወንበር ሲያስገቡት አየሁ። ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ብሎ ቆሞ ሲሠራ ሰንብቶ፣ ትኩሳቱ ሲለቀው ዳንኩ ብሎ ተደስቶ ነበር፤ የከፋው ጊዜ ግን ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ የነገረው ሰው አልነበረም። እጁ ቀዝቅዟል። ልጁ ከኋላው ጫማውን ይዛ ትሮጣለች። ሲያየኝ ሊስቅ ሞከረና «ሜትር፣ ቁንጫ አይደለም» አለኝ። ሐኪሟ ሁለታችንንም ተመልክታ «አንድ መንገድ ናችሁ እንዴ?» ስትል መልስ የሰጠኋት ራሴን በመነቅነቅ ነው።

አማቴ ተሻላቸው። እርሱ አልተሻለውም። ሁለቱ የተኙት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። በሞተበት ጠዋት አማቴ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው ለቅሶውን ሰሙና እጄን ይዘው «እኔን አሮጊቷን ትቶ እሱን?» ብቻ አሉ። ሠርጉ ሊሆን የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ከቀብሩ በኋላ ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ፣ ኮት ለብሼ፣ ቃሌን ላርም ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በመስኮቱ ያሉት ባልደረባዎ በትዕግሥት አደመጡኝ። «በበጋ ትንኝ የለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው፣ አለ፤ እባካችሁ ቀለሙን ለውጡት፣ ሰውም ልካችሁ ጣሪያዎቹን አሳዩልን» አልኳቸው። ግምገማው መዘጋቱን፣ የሚቀጥለውም ገና በጀት የሚጠብቅ መሆኑን በደግነት አስረዱኝ። አክለውም «ጌታዬ፣ የአንድ አካባቢን ደረጃ በአንድ ሰው ቃል ልንለውጥ አንችልም» አሉኝ።

«ያን ጊዜም አንድ ሰው ነበርኩ እኮ» አልኳቸው።

«ያን ጊዜ የመረጃ ምንጭ ነበሩ፤ አሁን አቤቱታ አቅራቢ ነዎት» አሉኝ።

ልዩነቱን እያሰላሰልኩ ሳለ አንዲት ባለ ነጠብጣብ እግር ትንኝ፣ በቀትር፣ በእርስዎ ቢሮ መስኮት ፊት፣ አንገቴ ላይ አረፈች። በጥፊ መታኋት። ባልደረባዎ ደንግጠው «ምነው? ምን ሆኑ?» ቢሉኝ «ምንም አይደለም፣ ዝቅተኛ ስጋት ነክሶኝ ነው» አልኩና ወጣሁ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቀልዶች ሁሉ የተሻለው ይህ ሲሆን፣ የሰማኝም ያልሳቀልኝም እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ስድስተኛ፤ ባለመምጣታችሁ ያደረጋችሁልንን ውለታ ላንሣ። እናንተን መጠበቅ ስላቆምን ራሳችን ጣሪያ ላይ ወጣን። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አማቴ ገና ሐኪም ቤት ስለነበሩ ድንበሩን የሚጠብቅ አልነበረም። የበርሜሉን ክዳን ገፋ ሳደርግ ውሃው ውስጥ ቀጫጭን እጮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ሲሰምጡ አየኋቸው። እንደዚያ የጠራ ውሃ አይቼ አላውቅም። ወርጄም የአበቦቼን ሰሐኖች አየሁ፤ እዚያም አሉ። በየጣሪያው ሰዉን ጠርቼ አሳየሁ፤ ሰዉም እየወጣ የራሱን አየ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ሁሉም በየበርሜሉ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ውሃውን ደፍተን፣ በርሜሎቹን ፍቀን፣ መልሰን ስንሞላ የሚሸፍናቸው ነገር ጠፋ። የብረት ክዳኖቹ ዝገው ተበስተዋል። እኔ በሁለት ድርብ መረብ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቼ መስፋት እችላለሁ፤ ነገር ግን በሱቄ የቀረው ጨርቅ ለሁለት በርሜል እንኳ አይበቃም ነበር። ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል።

«ጋሼ፣ የእኔን ዓይነ ርግብ ቁረጠው» አለችኝ።

ያ ዓይነ ርግብ መሬት የሚጎተት፣ አባቷ ከሬዲዮ ሥራው እየተነሣ መጥቶ «ረዘም አድርገው፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» እያለ ያስረዘመው ነው። አይሆንም ብላት «ስዳር አባቴ ስለማያየው ለማን ልልበሰው? ቁረጠው» አለች። መቀሱን ያዝኩና እጄ እምቢ አለኝ፤ ስንት ዓመት ጨርቅ የቆረጠ እጅ። እሷ ተቀብላኝ የመጀመሪያውን ራሷ ቆረጠችው። ከዚያ በኋላ አብረን ሠራን፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ባለቤቴ ላስቲክ ታስገባለች። መጨረሻ ላይ ባለቤቴ አንድ ኩባያ ሻይ ከፊቴ አስቀመጠችልኝ፤ ይቅርታ መሆኑ የገባኝ ሻዩ ስኳር ስላለው ነው።

አማቴ ከሐኪም ቤት ሲወጡ በቀጥታ ጣሪያ ላይ አውጡኝ አሉ። ደግፈን አወጣናቸው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ጣሪያዎች ሁሉ በርሜሎቹ ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል። አዩአቸውና ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ በርሜሎቼን ስትድር ለእኔ ሳትነግረኝ?» አሉኝ። ሙሽሪት ሳቀች። ከአባቷ ቀብር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመንገዳችን በዚህ በሽታ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው የለም። ካርታውን ከግድግዳዬ አውርጃለሁ። ልቀደው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ምንም ክፋት የለውም፤ የነገሩትን ነው የተናገረው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው ግምገማ ሰዎችዎን በዝናብ ወቅት ይላኩልን፤ ጣሪያውን ራሳቸው ወጥተው ይዩት፤ ከአንድ በር በላይ ያንኳኩ፤ አማት ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ስለ ምንም ነገር እንዳይጠይቁ። እኔን ድንገት ካገኙኝ «ምላሱን ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱን ጠይቁ» ብለው ይዘዙልኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣ በታማኝነቴ ላይ ስላሳደሩት እምነት እጅ እየነሣሁ፣ ለቀለም ምርጫዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ በዕውቀት ወንድምዎ፣ በጥፋትም የሥራ ባልደረባዎ የሆንኩት፣

ሜትር፣
የሙሽራ ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ የመረጃ ምንጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ከቢሮዎ የጥሪ ካርድ ደረሰኝ። መንገዳችን በዝቅተኛ ስጋትነቱ «የዓመቱ አርአያ ሰፈር» ተብሎ መመረጡንና የምስክር ወረቀቱን በነዋሪው ስም እንድቀበል መጋበዜን አነበብኩ። በደስታ እመጣለሁ። ካርዱ «ከባለቤትዎ ጋር» ይላል፤ ባለቤቴ እናቷን ስለምታስታምም አብራኝ የምትመጣው የሬዲዮ ጠጋኙ ልጅ ናት። ጥቁር ስለምትለብስ በቀላሉ ይለዩዋታል። የምስክር ወረቀቱን ለእሷ ይስጡልኝ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ቃል ግን እኔ ስላቃተኝ እርስዎ ዓይኗን እያዩ ይበሉልኝ።